መሪው ካልተነሣ ይሰበራል

ጎጃም ውስጥ ጽሑፍ አንዴ አንብቦ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተስ? አንዴ ለሰሙ ይነበባል፣ አንዴ ለወርቁ። ከዚያ ደግሞ «ይህ ሰው ምን ሊል ፈልጎ ነው?» ተብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ይነበባል። ጅጋ ገበያ ላይ ቆማችሁ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» በሉ እስቲ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሰማዩን አያይም፤ የዘገየው ማን እንደሆነ ነው የሚያሰላስለው። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ያንን ሪፖርት የጻፍሁት።

ቅኔ ቤት ደርሼ አላውቅም። በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብየዳና የሞተር ጥገና አሠለጥን ነበር። በዕድሜዬ ግጥም የጻፍሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ለዛሬዋ ባለቤቴ። እስካሁን ትስቅብኛለች።

ነገሩን ያመጡት አያ ይሁኔ ናቸው። ከቡሬ ቁልቁል ወርደው፣ ዓባይ ዳር ቆላው ላይ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ትርንጎ ያገባችው ወንዙን ተሻግራ ነው። ጤና ጣቢያው በዚህ ማዶ፣ እሷ በዚያ ማዶ። ድልድይ የለም አይባልም፤ አለ፤ ግን ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ባለፈው ክረምት ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ ነበር። የእንጨት ታንኳው ሊሻገር አልቻለም። ዳር ላይ ስትጠብቅ ልጇ ሞቶ ተወለደ። አሁን ደግሞ ፀንሳለች፤ ወሯ የሚገባው ሐምሌ ነው። አያ ይሁኔ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። «ሞተር ያለው ጀልባ ይሠሩልን እንደሁ ብዬ ነው መምህር» አሉኝ።

እሺ አልን። «አልን» የምለው እኔና ሙሉሰው ነን። ሙሉሰው ቡሬ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ስሙን ልለፈው፣ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ሰጠን። ከላሜራ ጀልባ በየድን። የመኪናው መንገድ እስኪያልቅ በአይሱዙ፣ ከዚያ ወዲያ በሃያ ሰው ትከሻ ወደ ወንዙ ወረደ። ሴቶቹ ከኋላ እልል ይሉ ነበር።

ሙከራው ግን አያድርስ ነው። ሞተሩን በቀጥታ ከላሜራው ጋር በቡሎን አስረነው ነበርና፣ ገና ሲነሣ ጀልባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንዘፈዘፈ። ስምንት ሰው ተሳፍሮ ስምንቱም ወባ የያዛቸው መሰሉ። ሙሉሰው አንድ ነገር ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ምላሱን ነከሰ። ለመዞሪያ ብለን ከኋላ ያደረግነው ሳንቃ ደግሞ ወደ ግራ ካልሆነ አልታዘዝም አለ። ዳር ስንደርስ ውሃውን እየቀዘፈ የሚገፋን ፕሮፔለር ከድንጋይ ተላትሞ ተጣመመ። አያ ይሁኔ የተጣመመውን ብረት በእጃቸው ዳሰሱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሰን እንደገና አሰብን። ሞተሩ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ላይ ይቀመጥ፤ ንዝረቱን ላስቲኩ ይዋጠው። ፕሮፔለሩ በአንድ የብረት እግር ጫፍ ላይ ይሁን። እግሩ ከጀልባው ኋላ በማጠፊያ ይንጠልጠል። ላዩ ላይ ያለውን እጀታ ወደ ጎን ሲገፉት ከነፕሮፔለሩ ይዙር፤ ወደ ታች ሲጫኑት ብድግ ብሎ ከውሃው ይውጣ። ድንጋዩ ሲያልፍ ይመለስ። ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ እግሩ የሚያደርሰው የመኪና ክሮቼራ፣ ያ መስቀለኛ የብረት መጋጠሚያ ነው፤ ክሮቼራ ታጥፎም ይዞራላ። ይህን እጀታና እግር በአንድ ላይ፣ የፊተኛውንም ከነሳንቃው፣ ሙሉሰው «መሪ» አለው። የመኪና ሰው ሌላ ምን ይበለው? እኔም ሳላስብበት ተቀበልሁት።

ጎማውና ክሮቼራው ያለው ደግሞ እዚያው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ሣር በበቀለበት አሮጌ የጭነት መኪና ላይ። ልንፈታው እንዲፈቀድልን ብንጠይቅ፣ መጀመሪያ የሙከራውን ውጤት በሪፖርት አቅርቡ ተባልን። ጻፍሁ። አጭርና ግልጽ አድርጌ፤

«መሪው ሕዝብ ሲበዛበት ይንቀጠቀጣል። ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋድላል። ከሥሩ ያለውን ስለማያይ በጊዜ ካልተነሣ ይሰበራል። ስለሆነም አንድ ሰው ብቻውን በእጁ ሊያነሣው እንዲችል ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ለዚህም የጽሕፈት ቤቱን ድጋፍ እንጠይቃለን።»

አሁን ትስቃላችሁ። እኔ በሦስተኛው ቀን ለግምገማ ስጠራ አልሳቅሁም።

አዳራሹ ሞልቷል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቴን ጮክ ብለው አነበቡት። «ሕዝብ ሲበዛበት» ላይ ቆም አሉ። «አንድ ሰው ብቻውን» ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ይህ መሪ ማን እንደሆነ፣ ያ አንድ ሰውስ ማን እንደሆነ እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። የጀልባ ነው አልሁ። ጀልባ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ተጠየቅሁ። አንዱ ተነሥቶ ጓዱ ሂሱን ይዋጥ አለ። ሌላው፣ ሁላችንንም አሳፍሮ ሊያሰምጠን ነው የፈለገ አለ። እንጀራዬ ያሳሰበኝ መሰላችሁ? አሳስቦኛል፤ ልዋሽ አልችልም። ግን ወሩ ግንቦት ነበር። ትርንጎ ሁለት ወር ነው የቀራት።

በመጨረሻ ኃላፊው፣ ነገሩ በባለሙያ ይታይ አሉ። የሞተር ባለሙያ እንዳይመስላችሁ። ከቋሪት ገበዝ ማርያም ለሌላ ጉዳይ የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ተጠርተው ገቡ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ሰምም የለው፣ ወርቅም የለው» አሉ። «ይህ ሰው ያለውን ነው ያለው። ቅኔ አልቀመሰም፤ ፊቱንም ስታዩት አልቀመሰም።»

ዳንሁ። እንዲህ በአደባባይ ደንቆሮ ተብዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኃላፊው ግን ገና አልተዋጠላቸውም። እንዲያም ቢሆን ጥንቃቄ አይከፋም፤ «መሪ» የሚለው ቃል ከሰነዱ ይውጣ፣ ከእንግዲህ በዚህ ግቢም እየተጠነቀቃችሁ ተጠቀሙበት አሉ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ሳይነሡ «እኔንስ ከእንግዲህ ምን ልትለኝ ነው?» አሉ። «ጌታ ብቻ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊውም ቆይተው ሳቁ። በዚያው ሳቅ ፈረሙልን። እኔና ሙሉሰው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብለን ጎማውን በዚያው ከሰዓት ፈታን።

ሰኔን በብየዳ ጨረስነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ እጀታውን ላጠባብቅ ወንዝ ዳር ወርጄ ሳለ ከዚያ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ትርንጎ ናት፤ ምጥ ይዟታል። አያ ይሁኔ ሞተሩን አስነሡ፤ እኔም አብሬ ዘለልሁ። ውሃው ጭቃ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ጀልባው ግን አልተንዘፈዘፈም። እሷን አሳፍረን ስንመለስ፣ ደራሽ ጎርፍ አምጥቶ የቆለለው ድንጋይ ከዳሩ ትንሽ መለስ ብሎ ጠበቀን። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። አያ ይሁኔ እጀታውን ተጫኑት፤ እግሩ ብድግ አለ። ጀልባው በድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ አለፈ። መልሰው አወረዱትና ዳር አደረሱን። ዳር የነበሩት ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት ሮጡ። ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ። ምን ያሳፍራል?

ጽሕፈት ቤቱ ይህን ሲሰማ የተጠቃሚ አስተያየት በጽሑፍ ይቅረብ አለ። አያ ይሁኔ ፊደል አልቆጠሩም። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍሁ፤

«መሪው በሰዓቱ ስለተነሣልን ልጄም የልጅ ልጄም ተረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን። ለሌላውም አገር እንዲሁ ያድርግለት።»

ብዕሬ ቆመ። «አያ ይሁኔ፣ እንዲሁ ልጻፈው?» አልኋቸው።

«ያየሁትን ነው የምነግርዎ» አሉ። ፊታቸውን ባየው ምንም የለበትም። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት።

ወረቀቱን ለኃላፊው ሰጥቼ በሩን በዓይኔ መፈለግ ጀመርሁ። እሳቸው ግን እያነበቡ ፊታቸው ፈካ። የሕዝብ ድምፅ ማለት ይህ ነው አሉ። በትልልቅ ፊደል አስተየቡት፤ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ርእስ ሰጡትና ከመግቢያው በር አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፉት። እስከ ጥቅምት ድረስ እዚያው ነበር። ከሥሩ የኃላፊው ፊርማና የጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም አርፎበታል።