ከእትዬ ዘነበች የሕይወት ታሪክ የዘለልኩት

ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ ጎረቤቱን በድንበር ሲከስ የኖረው «ሰው አክባሪ» ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን የማይስመውም «መንፈሳዊ» ሆኖ ይቀበራል። የማወራው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ጽሕፈቱ ያምራል እየተባልኩ እዚህ መቱ ውስጥ ስንቱን ሟች አሳምሬ ሸኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ መልካሙን ሥራ ደበቅሁ።

እትዬ ዘነበች የመዝሙር አስተማሪያችን ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። ዝናብ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ እንኳ ትምህርቱን አያቋርጡም፤ «አትጩኹበት፤ ፋታ ሲሰጣችሁ ግቡ» ይሉናል። የኢሉባቦር ዝናብ ፋታ ይሰጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ነገሩ የገባት እህቴ ጫልቱ ነበረች። እሷ ስትዘምር እኛ ዝም እንላለን።

ጥፋቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደብተር ላደርስ ቤታቸው ብሄድ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ አየሁ፤ እትዬ ዘነበች ረዥም ቀሚስ ለብሰው ይዘፍናሉ፣ ከኋላቸው ትራምፔት ነፊዎች ቆመዋል። ለካ አስተማሪያችን የጃዝ ዘፋኝ ነበሩ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለአባቴ ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንደነበር ልብ አላልኩም።

«ሴት ልጅህን ለአዝማሪ ነው እንዴ የሰጠኸው?» አሉ አንደኛው።

በማግስቱ አባቴ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ትምህርት ቤት መጡ። ነገሩ እውነት ከሆነ ጫልቱ ከትምህርቷ ትወጣለች።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ ይዘፍኑ ነበር ይባላል። እውነት ነው?»

እትዬ ዘነበች ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመው ጫልቱን አዩአት።

«የለም። ፎቶግራፉ የእህቴ ነው።»

እህት እንደሌላቸው ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ይኸው ሰማችሁ» አሉ፤ ጫልቱም ትምህርቷን ቀጠለች። ፎቶግራፉ ግን ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ላይ አልታየም፤ እሳቸውም ስለ ጃዝ ትንፍሽ ሳይሉ ብዙ ዓመት አስተማሩ።

ሲሞቱ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ ተባልኩ። እውነቱን ብጽፍ፣ አባቴ ፊት፣ አስከሬናቸው ላይ ውሸታም ላደርጋቸው ነው። ስለዚህ «በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ተሰማርተው ከቆዩ በኋላ» ብዬ አለፍኩት። ሳነበው፣ ዳሪሙ ከተማ መዝሙር የምታስተምረው ጫልቱ ፊቷን አዞረችብኝ። አፈርኩ።

ከቀብር ስንመለስ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዘፋኝነቷን ለምን ዘለልከው?»

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ቡና ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ የምትዘፍንበት ሆቴል በር ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ያን ቀን የጠየቅኋት ሽማግሌዎቹ ፊት አይደለሁም እንድትልልኝ ነው። ጫልቱን ከትምህርቷ እንዳላስወጣ። እነሱ እንደሆነ ሁሉም ቀድመዋት ሞቱ። ዛሬ ማንን ፈርተህ ነው?»

«እርስዎን» ማለት አቃተኝ።