የእትዬ አሰፋሽ ወንፊት

የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚልክ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። አሰላ ውስጥ፣ የጭላሎ ነፋስ ቆርቆሮ በሚነቀንቅበት ዳገት ላይ ያለው ሰፈራችን ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ለክብርት እትዬ አሰፋሽ ሰጥቷል።

ክብርትነታቸው ሊፈቱት የተነሡት ችግር ግልጽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ፣ በብይ የተሸነፈውም ኳስ የተነጠቀውም ልጅ አጥራቸው ሥር ይጮኻል። አልመከሩም፤ አለንጋም አላነሡም። ያለቀሰውን ሁሉ ጠርተው ከጎረቤት ወንፊት ተዋስልኝ ይላሉ። ልጁ ቢነፋረቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እያለቀሱ መልእክት አይነገርም።»

እኔ ለሥራ ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝና አዘንኩላቸው። ከገበያ አዲስ ወንፊት ገዝቼ ወሰድኩላቸው። እንደ መርዶ ነጋሪ ተቀበሉኝ። ግድግዳቸው ላይ ወንፊቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ስጦታዬን መልሰው አስታቀፉኝና፣ «አንተ ጋ ይቀመጥ። ልጅ ሲመጣ ግን ቶሎ እንዳትሰጥ» አሉኝ።

ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ልጁ መጀመሪያ ዳገቱን ይወጣል፤ ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ማን እንደላከውና ምን እንደሚፈልግ አስተካክሎ መናገር አለበት፤ ይህ ደግሞ እየተንሰቀሰቁ አይሆንም። የሚያስደንቀው ግን መጠበቁ ነው። ባለ ሱቁ ጋሽ ሁሴኖ «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ልጁን ሳጥን ላይ ያስቀምጡና፣ ፊት ለፊታቸው የተንጠለጠለውን ወንፊት በሌላ በኩል ይፈልጋሉ።

ነገሩ ለእኔ ጨዋታ መሆኑ የቀረው ልጄ ሮሐ ሒሳብ በተሳሳተች ቁጥር ገጹን መቦጨቅ ስትጀምር ነው። በመጨረሻ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አልጋ ሥር ገባች። ለመንኳት፤ ስለ ትዕግሥት ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ፤ ከዚያ እኔው ጮኽኩ። እትዬ አሰፋሽ በሩ ላይ ቆመው ሁለታችንንም አዩን።

«አብራችሁ ሂዱ» አሉ። «ወንፊት።»

ሄድን። ጋሽ ሁሴኖ የእኔን ፊት አይተው ፍለጋውን አራዘሙት። ስንመለስ ሮሐ ወንፊቱን እንደ ባርኔጣ ደፍታ፣ «አባዬ፣ መልሱ ሰባት ነበር መሰለኝ» አለች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች። አሁን ስትሳሳት እርሳሷን አስቀምጣ ራሷ ትወጣለች፤ ዳገቱን ወጥታ ትመለስና በላጲስ ታጠፋለች።

እትዬ አሰፋሽ ሰሞኑን የሚታገሉት ከስማርት ስልክ ጋር ነው። ዴራ ያለች የልጅ ልጃቸውን ፊቷን እያዩ ማነጋገር ይፈልጋሉ፤ አስተማሪያቸው ሮሐ ናት። ዛሬ ምስሉ ሲቆራረጥባቸው ስልኩን ሊወረውሩት እንደነበር በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ሮሐ ግን ረጋ ብላ፣ «እትዬ፣ እስኪ ከእኛ ቤት ወንፊት ይዋሱልኝ» አለቻቸው።

ይኸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ደጃፌ እየመጡ ነው። ያ የገዛሁት ወንፊት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ለእሳቸው ወንበር አወጣሁ። እኔ ፍለጋውን ከጓዳ እጀምራለሁ።