ጋሪ የሚገፋው አስጎብኚ

የላሊበላ አስጎብኚ ራሱ ሥራ ይፈታ ይሆናል እንጂ ምላሱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እንግዳ ካጣ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ በቅሎ ያስረዳል። በቅሎ ካጣ ለግድግዳ። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰርግ ላይ አጠገባችሁ ተቀምጦ የድንኳኑን ታሪክ የሚተርክላችሁ እሱ ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሰን ሊቀ ጽዳት ከፋለ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሰጠው የለም።

ሃያ ዓመት እንግዳ አስጎብኝቷል። መጀመሪያ የኮሮናው በሽታ መጣ፤ እንግዳ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ተስፋውም ቀረ። ከጓደኞቹ ገሚሱ አዲስ አበባ ወረደ፣ ገሚሱ ስልኩን እያየ ሸበተ። ከፋለ ግን ልጆች አሉት። ሄዶ በጽዳት ማህበር ተመዘገበ። ዘጠኝ ሴቶችና እሱ።

በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያውን እንደ መቋሚያ ተደግፎ ቆመ። የሴቶቹ አለቃ ደመቀች፣ "ወንድሜ፣ ማህሌት አልቆምንም፤ ጎንበስ በል!" አለችው። ጎንበስ አለ። ግን አስጎብኚ ፊቱን ወደ እንግዳው አዙሮ የኋሊት እየሄደ ነው የሚያወራው፤ ሃያ ዓመት የለመደ እግር መቼ ይመከራል? የኋሊት እየጠረገ፣ እያወራ፣ እየጠረገ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ እዚያው ቦዩ ውስጥ እንዳለ፣ "በስተቀኛችሁ የምታዩት የከተማዋ ቦይ ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ ተጠርጎ አያውቅም" አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ዝም ያሰኘው! በሰማያዊ ጋዋኑ ላይ የአስጎብኚነት ባጁን አንጠልጥሎ ለአላፊ አግዳሚው ያስረዳል። "አባቶቻችን ዐለቱን ሲጠርቡ የዝናቡን መውረጃ አስቀድመው አስበውለታል፤ እኛ ፌስታል ይዘን መጥተን ደፈንነው። በስተግራዎ የሚያዩት ደግሞ የእትዬ ስሜነሽ እጣቢ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እንደተደፋ ይገመታል።"

"አንተ ከፋለ! ደሞ የእኔን እጣቢ ታሪክ አድርገው!"

"ታሪክስ ያደረጉት እርስዎ ነዎት እትዬ። ይኸው ሳምንቱ፤ እንደ ቅርስ አስቀምጠውታል።"

ባጁን ለምን አታወልቅም ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ስሜ ተራው ላይ አለ።" እውነቱን ነበር። የነበረበት ትንሽ የአስጎብኚዎች ቡድን አሥራ አራተኛ አድርጎ መዝግቦታል። እንግዳ ሲመለስ እኔም እመለሳለሁ እያለ ነው አምስት ዓመት የጠረገው።

ባለፈው ጥቅምት እንግዳ የጫኑ ሚኒባሶች ተከታትለው ገቡ። የቡድኑ ሰብሳቢ ሸጋው፣ እንግሊዝኛውን ከከፋለ አፍ የለቀመ ጎልማሳ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ አሥራ ሁለተኛውን ጠራ። አሥራ ሦስተኛውን ጠራ። አሥራ አምስተኛውን ጠራ።

"ሸጋው፣ ዘለልከኝ" አለ ከፋለ፣ የጋዋኑን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ።

"አልዘለልኩም።"

"አሥራ አራት እኮ እኔ ነኝ።"

"ጋሽ ከፋለ፣ አያስቸግሩኝ። ጠዋት ጋሪ ሲገፋ ያየውን ሰው ተከትሎ የሚገባ እንግዳ አለ? ለከተማዋ ገጽታም ጥሩ አይደለም።"

"እጄን ታጥቤ ነው እኮ የመጣሁት።"

አስጎብኚዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። መሬቱ ንጹህ ነበር።

እኔ ግን መሬት አላይም! በገና የተሳላሚ እግር አጥበን በረከት አገኘን የምንል ሰዎች ነን። እግር ማጠብን ጽድቅ፣ እግሩ የረገጠውን መንገድ መጥረግን ውርደት ያደረገው የትኛው መጽሐፍ ነው? ገጽታ ይላሉ! የከተማዋን ገጽታ ማለዳ ማለዳ የሚያጸዳው ማን ሆነና?

ከዚያ ቀን ወዲህ ባጁ የለም። ከፋለ አሁን ወደ ፊት ነው የሚጠርገው። ለማንም አያስረዳም። እትዬ ስሜነሽ አንድ ቀን ሆን ብለው እጣቢያቸውን መንገዱ ላይ ደፉና ቆመው ጠበቁት። ጠርጎ አለፈ። "ምነው በሰደበኝ!" ብለው ገቡ።

ወሬኛ ነው ብዬ ሳማው ቆየሁ፤ እውነቱን ልናገር። አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከጋሪው ኋላ የሚከተል አንድ ጎብኚ ነበረው። እኔ ነኝ። ስለዚህች ከተማ የማውቀውን ትምህርት ቤት አልሰጠኝም፤ ከእሱ መጥረጊያ ኋላ ኋላ ስሄድ ነው የሰበሰብኩት።

ትናንት መንገድ ላይ አስቆምኩት። "እኔ ዝም አልልም፤ ጋዜጣ ላይ እጽፈዋለሁ!" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከጥቅምት ወዲህ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ይህ ነው።

"ጻፍ። ብቻ አንብበው ሲጨርሱ መንገድ ላይ እንዳይጥሉት ንገርልኝ።"