የሃርንባሪ ሊቀ መንገድ

አሮጌ የገበያ ከተማ ሦስት ነገር አያጣም፤ ወደ ኋላ የሚቀር የቤተ ክርስቲያን ሰዓት፣ ማንም የማይቀመጥበት እርጥብ አግዳሚ ወንበር፣ እና ሳይጠየቅ መንገድ የሚያሳይ ሰው። ሁለቱን ማዘጋጃ ቤቱ አልፎ አልፎ ይጠግናቸዋል። ሦስተኛውን የሚጠግን እስካሁን አልተገኘም። እናንተም ታውቁታላችሁ። በማታውቁት አደባባይ ካርታ ዘርግታችሁ ቆማችሁ ከሆነ፣ ከጀርባችሁ ጉሮሮውን የጠረገው ሰው እሱ ነው።

የእኛው፣ የሃርንባሪው፣ ክቡር ሚስተር ሁበርት ትሬድጎልድ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን በአደባባዩ ጥግ ጫማ ሲሸጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሱቁ ዛሬ ስልክ ይጠገንበታል፤ እሳቸው ግን ከሱቁ በላይ ካለው ቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሐሙስ ገበያው ሲቆም ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በአደባባዩ መሐል በቆመው የድንጋይ የገበያ መስቀል ሥር ይሰየማሉ። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። የሚነጥቃቸው ግን አልነበረም።

እንግዳ ሲመጣ ፊቱን አያዩም፤ ጫማውን ነው የሚያዩት። "ፊት ይዋሻል፣ ሶል አይዋሽም" ይላሉ። ቀጭን ተረከዝ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑንና ሻይ ቤቱን ያዛሉ። ሸራ ጫማ ከሆነ ወንዙን የሚሻገሩባቸውን ድንጋዮች ይጨምሩበታል። ጭቃ የለመደ ቡት ካጋጠማቸው ግን የፈረሰውን ገዳም፣ የነፋስ ወፍጮውንና ነጯን ዝይ በአንድ ቀን ያዛሉ። "ያዛሉ" ያልኩት እንደ ሐኪም ነው።

ነጯ ዝይ ከከተማው በስተደቡብ ባለው ኮረብታ ላይ ናት። የጥንት ሰዎች ሣሩን ፍቀው ከሥሩ ባለው ነጭ የጠመኔ ድንጋይ የሣሏት ናት። ከአደባባዩ ሲያዩዋት ማንቆርቆሪያ ትመስላለች። ይህን በሚስተር ትሬድጎልድ ፊት የተናገረ ሰው ዳገቱን ሙሉ ወጥቶ ከቅርብ እንዲያያት ይፈረድበታል። ከቅርብ ደግሞ ምንም አትመስልም።

አቀራረባቸው የታወቀ ነው። "ልረብሽዎት አይደለም፣ ግን..." ይላሉ። ከዚያች "ግን" በኋላ ሳይመሽ ቤቱ የገባ እንግዳ የለም። ቀጥለው "አጭሩን መንገድ ላሳይዎት" ይላሉ። አጭሩ መንገድ በመቃብር ቦታው ያልፋል፣ ወይፈን የሚግጥበትን መስክ በአጥሩ ጥግ ይዞራል፣ ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ይሻገራል፣ ከዚያ፣ ማን ያውቃል እንዴት እንደሆነ፣ አንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንዲት እንግዳ በአስፋልቱ ብንሄድ አይቀርብም ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ይቀርባል" አሉ ሚስተር ትሬድጎልድ። "ግን እሱ መንገድ አይደለም፤ መድረሻ ነው።"

ታሪክም እንደ ጫማው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ በር ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። የወታደር የሚመስል ቡት ላደረገ ሰው ቀዳዳው የመድፍ ጥይት ነው። ትንንሽ ጫማዎች ከመጡ፣ በስብከት መሐል እያንኳኳች ያስቸገረች ወፍ የፈለፈለችው ነው። እኔ የከተማው ልጅ ስለሆንኩ እውነቱን ነግረውኛል።

"ነቀዝ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን ነቀዝ ለማየት ብሎ ከለንደን ማን ይመጣል?"

ከገድላቸው ሁሉ የሚበልጠው የጥርስ ሕመምተኛው ነው። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ በአደባባዩ ዙሪያ የቤት ቁጥር ሲያነብ አገኙት። ጫማው ጥሩ ነበር። በመቃብሩ፣ በመስኩ፣ በወንዙ በኩል ይዘውት ሄዱ፤ የገዳሙ ፍርስራሽ ውስጥ አቁመው መነኮሳቱ ስለሚያረቡት ዓሣ፣ ጣሪያው ስለወደቀበት ዘመን፣ ድንጋዩን የትኛው ገበሬ ለበግ በረቱ እንደወሰደው ሁሉ አስረዱት። ሰውዬው ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ይሰማል። እሳቸው ተመስጦ መሰላቸው።

"ግሩም ነው" አለ በመጨረሻ። "እውነት ግሩም ነው። ብቻ... የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ።"

"መቼ?"

"ቅድም። ሰላም ሲሉኝ።"

"ምነው ታዲያ አይናገሩም ነበር?"

"እርስዎ እየተናገሩ ነበር እኮ። ማቋረጡ ነውር መሰለኝ።"

እዚህ አገር እንዲህ ነን። ቤታችን ሲቃጠል እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን "የማላስቸግርዎት ከሆነ" ብለን ነው የምንጠራው። ሰውዬው ጉንጩ አብጦ ሄደ። በዓመቱ ግን ሚስቱን ይዞ፣ ጥርሱን አስተካክሎ፣ ለዳገት የሚሆን ቡት አድርጎ ተመለሰና የገበያው መስቀል ሥር ቆመ። "የበግ በረቱ ጋ ነበር ያቋረጥነው" አላቸው።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መሐል ነው ባለፈው ሚያዝያ ሰሌዳው የመጣው።

ማዘጋጃ ቤቱ ከመስቀሉ ጎን አቆመው። ካርታ አለው፤ ገዳሙ፣ ወፍጮው፣ የወንዙ መሻገሪያ፣ ዝይዋ ሁሉም በቀለም ተሥለዋል። መሐሉ ላይ "አሁን ያሉት እዚህ ነው" የሚል ቀይ ነጥብ አለው። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ሰሌዳው ጥሩ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ሚስተር ትሬድጎልድ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። ተጠግቼ እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው።

"ግልጽ ነው" አሉ፤ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ክፉ ወሬ ሰምቶ እንደመጣ ሰው። "በጣም ግልጽ ነው።"

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ከመኪናው ይወርዳል፣ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። ጉሮሮ ለመጥረግ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይተርፍም። ሚስተር ትሬድጎልድ ጥቂት ሳምንት በመስቀሉ ሥር ቆሙ። ሰኔ ሲገባ ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየናቸው፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሚስታቸው ዊኒፍሬድ ካረፉ ወዲህ ከዓርብ እስከ ረቡዕ የሚያወሩት ከሬዲዮው ጋር ነው። ሬዲዮ ደግሞ መንገድ አይጠይቅም። ሐሙስም ከተወሰደባቸው ምን እንደሚቀራቸው ከተማው በሙሉ ገብቶት ነበር። ስለዚህ ሁላችንም በአጠገባቸው ስናልፍ ዛሬ ይዘንብ ይሆን ብለን ጠየቅናቸው።

መጀመሪያ የተነሣችው አይብ ሻጯ ማቪስ ፓስክ ናት። አንድ ሐሙስ ስመጣ አይብ የምትሸጥባትን መኪናዋን ከሰሌዳው ጋር አጣብቃ አቁማ፣ ካርታው አንድ ጥግ እንኳ ሳይታይ፣ አይቧን ትቆርጣለች።

"ዛሬ ምነው እዚህ?" አልኳት።

"ሌላ ቦታ ፍሬኑ አይዝልኝም።"

"አደባባዩ እኮ ሜዳ ነው፣ ማቪስ።"

"ደግሞ መሐንዲስ ሆንክልኝ! አይብ ትገዛለህ ወይስ እዚያው ትገተራለህ?"

ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጥተው መኪናዋን ሲዞሩ፣ ወዲህ ወዲያ ሲሉ፣ እኔና ማቪስ ወደ አግዳሚው ወንበር ላለማየት እየታገልን ወደዚያው አየን። ሚስተር ትሬድጎልድ ተነሡ። ባርኔጣቸውን ደፉ። መጡ፤ ግን ወደ እንግዶቹ አልነበረም።

"ልረብሽሽ አይደለም ማቪስ፣ ግን ሰሌዳውን ጋርደሽዋል።"

"ታዲያስ?"

"እንግዶቹ መንገዱን በምን ያገኙታል?"

"ሰው ይጠይቁዋ!"

"ማንን?" አሉ ሚስተር ትሬድጎልድ። የሽሙጥ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

ማቪስ ቢላዋዋን እንደያዘች አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። "እርስዎን" ብትል ማዘናቸውን አውቃለሁ ማለቷ ነው። በእኛ ከተማ ይህን ለሰው በፊቱ ከመናገር በአደባባይ ሱሪውን ማስወለቅ ይሻላል። ሞተሩን አስነሥታ መኪናዋን ወደፊት ገፋ አደረገች። ሚስተር ትሬድጎልድ በከዘራቸው እየመሩ አስቆሟት፤ አመስግነዋትም ወደ እርጥቡ ወንበር ተመለሱ።

በሳምንቱ ቄሱ የዝይዋን የጽዳት ቀን ማስታወቂያ በካርታው ልክ አሠርተው ለጠፉበት። ሚስተር ትሬድጎልድ ሳይቀደድ ነቅለው ከሰሌዳው ጎን ለጠፉት፤ ነፋስ እንዳይወስደውም አራቱን ማዕዘን አጠበቁለት። ቄሱና ማቪስ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው እንደማያውቁ አውቃለሁ። እኔም ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

የዝይዋ ጽዳት በነሐሴ ነው። ቅዳሜ መዶሻና ባልዲ ይዘን እንወጣለን፤ የበቀለባትን ሣር እንነቅላለን፣ አዲስ ጠመኔ እንቀጠቅጥባታለን። ካልተደረገላት ጥቂት ክረምት አይፈጅም፤ አረንጓዴ ትሆንና ትጠፋለች። ምንቃሯ ዘወትር የሚስተር ትሬድጎልድ ድርሻ ነው። ዘንድሮ አልወጡም። "ጉልበቴ ነው" ብለው ላኩብን። ያ ጉልበት እስከ ሚያዝያ ድረስ ዳገቱን ከወጣት ቀድሞ ይወጣ ነበር። ሰዉ ክንፏን አጸዳ፣ እግሯን አጸዳ፣ ምንቃሯን ግን የሚነካው ጠፋ። ከቀትር በኋላ እኔ ሄጄ ተንበረከክሁ። የምንቃሩን መታጠፊያ እንደሳቸው ማድረግ አልቻልኩበትም፤ ዝይዋ የተቀየመች መሰለች። ስንወርድ አንድ የጠመኔ ድንጋይ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኖቹ ሳይተከሉ አደባባይ ደረስኩ። ጠመኔውን ከአግዳሚው ወንበር ላይ ባገኘሁት ውሃ አርሼ ቀዩን ነጥብ ቀባሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ነጥቡ ከሌለ ካርታ ሥዕል ነው። አንድ ጊዜ ልድገመው ብዬ እጄን ስሰነዝር ከጀርባዬ ጉሮሮ ተጠረገ።

ሚስተር ትሬድጎልድ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ቆመዋል።

"ማልደህ ወጣህ" አሉኝ።

"እርስዎስ?"

"ሐሙስ ሐሙስ አጥበዋለሁ። እርግቦቹ አይራሩለትም። እንግዳ የቆሸሸ ሰሌዳ ሲያይ ከተማውን ምን ይለዋል?"

ጨርቃቸውን ነክረው ከላይ ጀመሩ። ገዳሙን አጠቡ። ወንዙን አጠቡ። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። "ፊቱን አዙረው ነው የሣሉት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብዙ ደክመውበታል" አሉና ወፍጮውንም ከሌላው ይበልጥ አሳምረው አጠቡት። ከዚያ ነጩ ቅባት ጋ ደረሱ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ፊቴን አላዩም። ቀስ ብለው ወደ ጫማዬ ወረዱ። የቅዳሜውን ጫማ ነበር ያደረግሁት፤ እስከ ማሰሪያው ድረስ ጠመኔ ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጨርቃቸውን ባልዲው ላይ ጠበቅ አድርገው ጨመቁ።

"ይኼኛው አይለቅም" አሉ፣ ጨርቁን ሳያስነኩት።

ጠመኔ በውሃ እንደሚለቅ የማያውቅ ሕፃን በሃርንባሪ የለም።

"አይለቅም" አልኩ እኔም። "እርጥበቱ ይሆናል።"

"እርጥበቱ ነው" አሉ። "ዘንድሮ የባሰ ነው።"

በዚህ መሐል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከመኪና ወርደው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ሰውዬው ጣቱን ካርታው ላይ ወዲህ ወዲያ ያንሸራትታል። "ቆይ፣ እኛ የት ነን?" ትለዋለች ሴትየዋ። "እሱን እኮ ነው የምፈልገው" ይላታል። የሚስተር ትሬድጎልድ ዓይን ወደ መሬት ወረደ። ቡት፤ አዲስ፣ ማሰሪያው በደንብ ያልታሰረ፣ ተስፋ ያለው። ባልዲውን እጄ ላይ አስያዙኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልረብሻችሁ አይደለም፣ ግን..."

ከቀትር በኋላ ከማቪስ መኪና አጠገብ ቆሜ ወደ ኮረብታው ቀና አልኩ። ከማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ሦስት ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር። ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንደኛው ምንቃሩ ጋ ጎንበስ ብሎ እኔ ያበላሸሁትን መታጠፊያ በከዘራ ያስተካክላል።

"ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም" አለች ማቪስ፣ እሷም ወደዚያው እያየች።

"አይቀርም" አልኩ።

ባልዲው እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከአንዲት ነጥብ በስተቀር።