አራት ሰዓት የጎደላት ደንብ አስከባሪ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ነቅቶ ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት፣ እታፈራሁ ሕልም አየች።

እታፈራሁ የከተማችን ደንብ አስከባሪ ናት። በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። የእግረኛ መንገድ ላይ ሽንኩርት የዘረጋውን ታስነሣለች፣ ያለፈቃድ የቆመውን አጥር ታስፈርሳለች፤ የፊሽካዋን ድምፅ ሦስት መንገድ ማዶ ያለ ሰው ለይቶ ያውቀዋል። ዘንድሮ ግን አዲስ መመሪያ ወጣ። ደንብ አስከባሪ የሆነ ሁሉ በየዓመቱ አርባ ሰዓት ሥልጠና ካልወሰደ መታወቂያው አይታደስም። መታወቂያው ያልታደሰ ደግሞ የደንብ ልብሱን አጥቦና ተኩሶ አስረክቦ ቤቱ ይገባል። እታፈራሁ ሠላሳ ስድስት ሰዓት አላት። መጋቢት ላይ ትንሿ ልጇ ታማባት ግማሽ ቀን ስለቀረች አራት ሰዓት ጎደላት። ማካካሻው ቅዳሜ፣ በአዲሱ አዳራሽ ነው። እሱ ካመለጣት አለቀላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚህችው ሥራ ነው።

የሥልጠናውን ደብተር ደረቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ወዲያው ቅዳሜ ሆነ። እታፈራሁ እየሮጠች አዳራሹ ጋ ደረሰች። አዳራሹ በጣራው ቆሟል፤ መሠረቱ ወደ ሰማይ ነው። ማንንም አልገረመውም። ደንብ አስከባሪዎች ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። የጉልት ቸርቻሪዎች ደግሞ በጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ፣ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

መዝጋቢዋ የቆርቆሮ አጥር ነበረች። እታፈራሁ አየት አደረገቻትና አወቀቻት፤ አምና ክረምት ላይ ያስፈረሰቻት አጥር ናት።

«ስም?» አለች አጥሯ።

«እታፈራሁ ገበየሁ።»

«ቁመት?»

«ቁመቴ ለሥልጠና ምን ያደርጋል?»

«እኔም እንደሱ ብዬሽ ነበር» አለች አጥሯ፤ ነፋስ እንደመታው ቆርቆሮ እየተንኳኳች ሳቀች። ከዚያ ከእግሯ እስከ ፀጉሯ በሜትር ለካቻትና ወደ ውስጥ አስገባቻት።

ውስጡ መንገድ ነበር። ፊሽካ ተነፋ፤ አሠልጣኟ መጣች። አሠልጣኟ ትርንጎ ናት። ይህች ትርንጎ በውን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ድንችና ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ሃምሳውን የተሻገረች ሴት ናት። እታፈራሁ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታባርራት ኖራለች፤ ባለፈው ሳምንትም ሚዛኗን ወስዳባታለች። አሁን ትርንጎ ባለ ኮከብ ቆብ ደፍታ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከወገቧ ቀና ብላ ትራመዳለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች እታፈራሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ ሴትዮ» ስትላት ኖራ፣ እትዬ ብላ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንቱታው ይቅርብሽ፤ ሰዓትሽን ይበላብሻል። ላስቲክሽን ዘርጊ።»

እታፈራሁ ላስቲኳን ዘረጋች፤ ድንቿን በመደብ በመደብ ደረደረች። ትምህርቱ ቀላል ነው ተባለ። ፊሽካ ሲነፋ ላስቲኩን በአራቱ ጫፍ ሰብስቦ መሮጥ ነው። ትርንጎ ነፋች። እታፈራሁ ጫፉን ያዘች፤ አንዱ ድንች ግን አሻፈረኝ አለ።

«እኔ ከቦታዬ አልነሣም» አለ ድንቹ። «መጀመሪያ ደብዳቤ ይድረሰኝ።»

«ተነሣ እባክህ፣ እየመጡብን ነው!»

«ሰባት ሰከንድ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «በሰባት ሰከንድ እኮ ድንቹም ላስቲኩም ተወስዶ፣ ልጆቹ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። እኔ በሦስት ነው የምጨርሰው። እንደገና!»

እንደገና ሰበሰበች። በአምስት ሰከንድ ቋጠረችና ጀርባዋ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ግን ባለችበት ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ወዴት ነው የምሮጠው?» አለች እታፈራሁ።

ትርንጎ ፊሽካውን ከአፏ አወጣች። «እሱን እንኳ እኔም አላውቅም። ስድስት ዓመት ስጠይቅሽ ነበር» አለቻት።

ሁለተኛው ትምህርት ልመና ነበር። ደንብ አስከባሪዎቹ በረድፍ ቆመው «ዛሬን ብቻ» ማለት ይለማመዳሉ። እታፈራሁ ተራዋ ሲደርስ ደረቷን ነፍታ «ዛሬን ብቻ!» አለች። ከላይ ከመሠረቱ ሥር ርግቦች ደንግጠው በረሩ፤ ሁለት ሰዎችም ሳያስቡት ዕቃቸውን አንሥተው ሮጡ።

«ይሄ ትእዛዝ ነው» አለች ትርንጎ ራሷን እየነቀነቀች። «ወድቀሻል። ለተግባር ፈተና ትቀርቢያለሽ።»

የሚፈተኑትን ሁሉ አይሱዙ ላይ ጫኗቸው። እታፈራሁ እስከዚያ ቀን አይሱዙ ላይ የምትጭነው የወረሰችውን ዕቃ ብቻ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ መንገዱ እንዲህ ጠባብ መሆኑን አታውቅም ነበር። መኪናው አደባባዩ ጋ ቆመ። እዚያ መሀል የጽሕፈት ቤታቸው ኃላፊ አቶ ተክለወልድ ቆመዋል። አንዲት ቲማቲም ሻጭ በሜትር እየለካቻቸው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፤ ሆዳቸውን በሜትሩ ጫፍ ነካ አድርጋ።

«ሆዴ ነው።»

«ፕላኑ ላይ የለም።» ፕላኑን ዘረጋችው። እውነቷን ነው፤ ፕላኑ ላይ ያሉት አቶ ተክለወልድ የሃያ ሁለት ዓመት ቀጭን ወጣት ናቸው።

«ከጋብቻ በኋላ ነው የተጨመረው» አሉ ላብ እያጠመቃቸው።

«ማስፋፊያ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሄ በረንዳ የሕዝብ መንገድ ላይ ሰባ ሳንቲሜትር ገብቷል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በራስዎ ያንሡ፤ አለዚያ እኛ እናነሣዋለን።»

«እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ፤ እኔ እኮ የቢሮ ሰው ነኝ...»

«ቢሮዎ የሚከፈተው ሰኞ ነው» አለቻቸውና በቀይ ቀለም ሆዳቸው ላይ ኤክስ አደረገችበት። አቶ ተክለወልድ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው አለቀሱ። እታፈራሁ ሳቋ መጣ፤ ነገር ግን መኪናው ጎን ላይ «የሳቀ ሰዓት ይቀነስበታል» ተብሎ ተጽፏልና ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው።

አይሱዙው ደግሞ ተነሣ። ሲቆም እታፈራሁ ግቢውን አወቀችው። የራሷ ግቢ ነው።

ከዋናው ቤት ጀርባ ባሏ በሕይወት ሳለ በሁለት እሑድ ያቆመው የቆርቆሮ ኩሽና አለ። ፈቃድ አልወጣበትም። እታፈራሁ ይህን ታውቃለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታውቅ ኖራለች። ትርንጎ ገና ከመኪናው ሳትወርድ የኩሽናው በር ተከፈተ፤ ኩሽናው ራሱ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ።

«አትድከሙ» አለ። «ፈቃድ የለኝም። እሷም ታውቃለች።»

«ዝም በል!» አለችው እታፈራሁ በሹክሹክታ።

«እስከ መቼ ዝም ልበል? ቀን የሰው ቤት ስታፈርስ ውላ ማታ እኔ ውስጥ ወጥ ትሠራለች። እኔም ፊሽካዋን በሰማሁ ቁጥር ጣራዬ ይንቀጠቀጣል። ዛሬስ ወደ እኔ ነው እያልኩ ዘጠኝ ዓመት! ሰለቸኝ እኮ።»

ትርንጎ ቀዩን ቀለም አመጣች። ኩሽናው ጎኑን አዘጋጅቶ ሰጣት። ድጅኖ የያዙት ሰዎች ቀረቡ፤ ሁሉም የእታፈራሁ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እሷም ሌላ ሰው ቤት ስትሄድ መሬት መሬት ታይ እንደነበር ትዝ አላት።

ተንበርክካ የትርንጎን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«እትዬ ትርንጎ... ዛሬን ብቻ። ቆርቆሮውን ከገበያ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ባለቤቴ ነው። ሚስማሩን ሲመታ አውራ ጣቱን አቁስሎ ስቆበት ነበር። ሌላ በእጁ የሠራው ነገር የለኝም። ዛሬን ብቻ፣ በልጆችዎ።»

ትርንጎ አጨበጨበች፤ አብረው የመጡት ቸርቻሪዎችም ሁሉ ተከትለው አጨበጨቡ።

«ሰማችሁ?» አለች ወደ ሠልጣኞቹ ዞራ። «እንዲህ ነው የሚባለው! ሙሉ ነጥብ!» ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠቻት፤ አራት ሰዓት ይላል።

እታፈራሁ ወረቀቱን ስማ ግንባሯ ላይ አደረገችው። «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ኩሽናው ተረፈልኝ ማለት ነው?»

ትርንጎ አዘነችላት። የምር አዘነችላት። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አቧራውን ከትከሻዋ አራገፈችላት።

«ልጄ» አለቻት፣ «ለልመናው ሰዓት ተያዘልሽ እንጂ ማን ይተርፋል አለሽ? ለምኖ የሚተረፍ ቢሆን እኔን ምን ያሮጠኝ ነበር?»

ድጅኖው ወደ ላይ ተነሣ። ፊሽካው ጮኸ፤ ጮኸ፤ አላቆም አለ።

ስልኳ ነበር። እታፈራሁ ከሶፋው ተፈናጥራ ተነሣችና ስልኩን ሳታነሣ በፊት በመስኮት አየች፤ ኩሽናው ቆሟል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የሥራ ባልደረባዋ ደስታየሁ ነው።

«እቱ፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ? ጉድ መጥቷል። የቅዳሜው አዳራሽ ያለፈቃድ የተሠራ ነው ተባለ። ሊፈርስ ነው።»

«አራት ሰዓቴስ?» አለች። «ደስታየሁ፣ የእኔ አራት ሰዓትስ?»

«አስጨርሺኝ እንጂ። ቅዳሜ የምናፈርሰው እኛው ነን። ማፍረሱ እንደ ተግባር ሥልጠና ይቆጠራል ተብሏል። አራቱም ሰዓት ይያዝልሻል።»

እታፈራሁ ተመልሳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ያ አዳራሽ እኮ በቆርቆሮ የተሠራ ነው» አለች። «ለስምንት ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስቱን ሰዓት ከየት እናመጣዋለን?»

«እሱንም ተነጋግረንበታል» አለ ደስታየሁ። «ቀስ ብለን ነው የምናፈርሰው።»