ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

እኛ ሰዎች ዕቃ አንጠቀምም፤ ዕቃ እናለብሳለን! ካላመናችሁኝ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ራዲዮኑ ዳንቴል፣ ስልኩ ዳንቴል… (አንዳንድ ቤትማ ዳንቴሉም ላስቲክ ይለብሳል።) እኔን ግን ይኸው ዳንቴል ለሰፈራ ዘመቻ ሊዳርገኝ ነበር!

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። የሰፈሬ ሰዎች «ፕሮግራም ይጽፋል» ሲባሉ የሠርግ ፕሮግራም ይመስላቸዋል። ኮምፒውተራችን አንድ ለእናቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ካሳሁን፣ ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩትን ባለዘርፍ ዳንቴል አምጥተው አለበሱት። ስሠራ ከፊቱ ገለጥ አደርገዋለሁ እንጂ ማውለቅ ክልክል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

ከበላይ አካል ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ማሽኑ ለየለት። የመጋዘኑን ዕቃ የሚቆጣጠር ፕሮግራም እየጻፍኩ ሳለ፣ «ኤል» የምትባለው ፊደል እጄን ሳላሳርፍባት ብቻዋን ስክሪኑን ሞላችው። ኤል፣ ኤል፣ ኤል… አጥፍቼ አበራሁት፤ ኤል! የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች መረመርኩ፤ ምንም አላገኘሁም። ዞር ስል ጓድ ካሳሁን ከኋላዬ ቆመዋል።

«ማነው ያዘዘው?»

«ማንም አላዘዘውም፣ ጓድ።»

«ሳይታዘዝ ነው የሚጽፈው?!»

በዚያ ዘመን ሳይታዘዝ የጻፈ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ…

«ለጉብኝቱ ካልደረሰ አሻጥር ነው» አሉ። «ሰፈራ ጣቢያ ደግሞ የተማረ ሰው ይፈለጋል!» ብለውኝ ወጡ።

ኪቦርዱን አንስቼ ባገላብጠው፣ የዳንቴሉ የዘርፍ ክር በኤል ሥር ገብቶ፣ ቁልፏን ተብትቦ ወደ ታች ይዟታል! በደስታ ልጮህ ስል ታይፒስታችን እትዬ ሙሉ እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ የጓድን ሚስት አሻጥረኛ ልትል ነው?»

«እና ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ምንም! ዝም አይነቅዝም።»

ክሩን በጥርሴ ልበጥስ ጎንበስ ስል ጓድ ካሳሁን ተመለሱ። «ማንም እንዳይነካው!» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብቻዬን ማሽኑ አጠገብ መቆም ተከለከልኩ።

ስብሰባ ተጠራ። ኤል ላይ ሂስ ቀረበ። (አትሳቁ! ግለ ሂስ አድርጊ አለመባሏም ዕድሏ ነው።) አንዱ ተነስቶ «ሊበራል የሚባለው ቃል በእሷ ነው የሚጀምረው» ሲል ጓድ ካሳሁን ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «ርምጃ ይወሰድባት!» ተባለ፤ በሙሉ ድምፅ። በፒንሳ ተነቀለች። ክሩ አብሯት መውጣቱን ያየን እኔና እትዬ ሙሉ ብቻ ነን። ማሽኑም ዳነ። ጭብጨባ!

በማግስቱ ዘርፉ «ኤም»ን ያዘ። ስብሰባ፣ ርምጃ፣ ጭብጨባ። «ኦ» እና «ኬ» ደግሞ ምንም ሳያደርጉ፣ የኤል ጎረቤቶች ስለነበሩ ብቻ፣ ለጥንቃቄ ሲባል አብረው ተነቀሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው! እኔስ በሌለ ፊደል ምን ፕሮግራም እጽፋለሁ? ተስፋ ቆረጥኩና ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ጓድ ካሳሁን ጥርሱ የረገፈውን ኪቦርድ አዩና «ይሸፈን!» አሉ። ዳንቴሉ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ተዘረጋ፤ በላዩ የላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። የጎብኚዎቹ መሪ ዙሪያውን ዞረው ተመለከቱት።

«ግሩም ነው! የማን ሥራ ነው?»

ፕሮግራሙን መሰለኝ። ልነሳ ስል ጓድ ካሳሁን ቀደሙኝ።

«የባለቤቴ ነው፣ ጓድ።»

ተጨበጨበ። ስለ ፕሮግራሙ የጠየቀ ማንም የለም። ከሰፈራ ተርፌያለሁና እንደ እኔ አድርጎ ያጨበጨበም አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የጓድ ካሳሁን ባለቤት ለሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች ዳንቴል እንዲሠሩ ታዘዙ። ለነዚያ ኮምፒውተሮች ፊደሎች እግዜር ይሁናቸው!