የረቡዕ ድንች

ይኸ ስልክ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ፣ ሰው ፎቶ ቤት ትዝ የሚለው ጉርድ ፎቶ አምጣ ሲባል ብቻ ነው። ያኔም ፊቱን ቋጥሮ ይመጣል፣ ፊቱን ቋጥሮ ይሄዳል። ቢቸና ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ካሜራዬ አቧራ ሲጠጣ ባየው ጊዜ፣ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እንደሚባለው፣ አመሻሽ ላይ እየወጣሁ ጉልቱን ማንሳት ጀመርኩ። ያነሳሁትን ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ተረቱ እውነት ሊሆንብኝ እንደሆነ መች ጠረጠርኩ?

ወዳጄ፣ ከተማችንን ሲመሽ አይተሃት ታውቃለህ? ቀን አቧራዋን ነው የምታየው። ሲመሽ ግን የበቆሎው ፍም፣ የሻዩ እንፋሎት፣ የባጃጁ መብራት... አቧራው ራሱ ያምርበታል። ችግሩ ሰዉ ነው። ካሜራ ሲያይ ይደርቃል። አንዷን በቆሎ ጠባሽ «እየሠራሽ ላንሳሽ» ብላት፣ በቆሎዋን ጆንያ ውስጥ ከተተች፣ ፍሙን በቆርቆሮ ከደነች፣ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ወታደር ቀጥ አለች። በቆሎው የታለ ስላት፣ እንዲህ ዝርክርክ ብዬማ አልነሳም አለችኝ። ሞጣ ድረስ ሄጄም ሞክሬያለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ገና ካሜራዬን ስታይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እግሬ አውጪኝ አለች። ለካስ ከማዘጋጃ ቤት ላስነሳት የመጣሁ መስያት ኖሯል!

ስለዚህ ሳልናገር ማንሳት ለመድኩ። መዘዙም ከዚያ መጣ።

እዚሁ ቢቸና እትዬ እማዋይሽ የሚባሉ ባለጉልት አሉ። በአንዱ ትሪ ቅቅል ድንች፣ በሌላው ቅቅል እንቁላል ይሸጣሉ። ለሚጾመው ድንች፣ ለማይጾመው እንቁላል። አንድ ረቡዕ ማታ ይበልጣል የሚባል የሞጣ ልጅ፣ እዚህ አስተማሪ ነው፣ እሳቸው ዘንድ ቆሞ የሆነ ነገር ልጦ፣ አዋዜ ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሊጎርስ ሲል አገኘሁት። አልደረቀ፣ አልተስተካከለ። ስመኘው የኖርኩት ፎቶ! ቀጭ አደረግሁት። ከሥሩም «ረቡዕ ምሽት በቢቸና» ብዬ ለጠፍኩት። ምናለ ዝም ብል?

በማግሥቱ አስተማሪው እያለከለከ መጣ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የኔታን፣ የቅኔ መምህራችንን፣ ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን አለምነሽን ጠይቋል። መልሱ ለእሑድ ተቀጥሯል። የእኔ ፎቶ እሑድን ቀድማ ደረሰቻ! አንድ ጎረቤት ስልኩን ዘርግቶ አሳያቸው። የኔታም «ረቡዕን ያላከበረ ልጄን ያከብራል?» አሉ አሉ። አለምነሽም እህል አልቀምስም ብላ ጓዳ ገባች። ጾም ተገደፈ ተብሎ ልጅቱ ጾም ጀመረች።

«ምን ነበር የበላኸው?» አልኩት።

«ድንች ነዋ!»

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ነጭ። ክብ። የሚያብለጨልጭ። ፍላሼ የነካው ድንች ቁርጥ እንቁላል!

«ይበልጣል፣ እኔ አማትህ አይደለሁም፤ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት ዝቅ ብዬ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ምን ላድርግ? የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እጅ ነሥቼ፣ ድንች ነው የኔታ አልኳቸው።

«ቀመስከው?»

«ኧረ አልቀመስኩም።»

«ታዲያ የምን ምስክር ነህ? ከአንተና ከፎቶህ ማንን ልመን?»

ፎቶውን ልላቸው ነበር። አፌን ግን ሌላ ነገር አመለጠው። «እንግዲያው ነገ ዓርብ ነው፤ ማታ ይምጡና እርስዎን በድንች ላንሳዎት!»

የኔታ በጉልት! ከተናገርኩ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የጓዳውን በር አዩ። ያልተነካው ሞሰብ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጧል። «ለልጄ ስል» አሉ።

ዓርብ ማታ ሰው እንዳያውቃቸው ጋቢ ተከናንበው መጡ። ማን ሊስታቸው? መንገዱ ሁሉ ብድግ አለ። እትዬ እማዋይሽ ደንግጠው የእንቁላሉን ትሪ አንስተው ጎረቤት ሱቅ አስገቡት። የኔታ ድንቹን በገዛ እጃቸው ላጡ። ከፍ አድርገው ያዙት። ቀጭ!

ሰዉ ካሜራዬ ላይ ተደፋ። ጥምጣም አለ። ጋቢ አለ። እጃቸው ላይስ? የተላጠ እንቁላል!

ከኋላ አንዱ «የኔታ በዓርብ!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የኔታ ካሜራውን ተቀበሉኝ። አራቁት፣ አቀረቡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ስል ለካስ እየሳቁ ነው።

«ይኸ ካሜራ እኔን ካስገደፈ፣ ያንን ልጅማ ምን ያድርገው!» አሉና ድንቹን ጎረሱት። ይበልጣል ጥግ ቆሞ ነበር፤ በእጃቸው ጠሩት። «ሽማግሎችህ እሑድ ይምጡ። አለምነሽንም እህል ቅመሺ እላታለሁ።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «ለሠርጉ ግን ፎቶ አንሺ ከሞጣ ይምጣ።»

በጥር ተዳሩ። እኔም ካሜራዬን ቤት ትቼ እንደ ሰው ተጋበዝኩ። የኔታ ከዶሮው ወጥ እንቁላሉን መርጠው በገዛ እጃቸው ፊቴ አኖሩልኝ። «ብላ፣ ድንች ነው!» ሲሉ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። ልጎርስ ስል የሞጣው ሰውዬ ቀጭ አደረገኝ።

ፎቶው ደረሰኝ። ወጡ ያቀላው እንቁላል፣ ወዳጄ፣ ቁርጥ ድንች መስሏል! ጎረቤቱ ሁሉ እያየ «ወይ ምስኪን፣ ያን ያህል ደክሞላቸው በድንች ሸኙት» ይለኛል።

እንቁላል ነው እላለሁ።

ማን ቀምሶ መሰከረልህ ይሉኛል።